የእትዬ ታየች አፍንጫ

በየገበያው አንድ አፍንጫ አለ፤ ሰው ወዙን አፍስሶ ያመጣውን ካላሸተተ፣ ካልፈታ፣ ካልበተነ የማይገዛ። የአምበር ገበያን አፍንጫ ተሸክመው የሚዞሩት ክብርት ወይዘሮ ታየች ናቸው። የደረቀ ጦስኝ ከገበሬ እየሰበሰቡ ደብረ ማርቆስ ላለ የሻይ አሻጊ ይልካሉ። ከአንድ ቀበሌ ብቻ አይገዙም፤ "ያንን ዳገት በረዶ ቢመታው ለታመመ ሰው ምን ልሰጥ ነው?" ይላሉ። ከእያንዳንዱ ጆንያ አንድ እፍኝ ዘግነው በወረቀት ይቋጥሩና የአምጪውን ስም ይጽፉበታል። ወንጀለኛ የሚመዘግቡ ነው የሚመስሉት።

ጦስኝ ከሚያመጡላቸው ገበሬዎች አንዱ፣ ፈንታ፣ እኚህን ሴት ሲያስብ ደሙ ይፈላል።

አንድ ቅዳሜ ሁለት ጆንያ ጭኖ መጣ። እትዬ ታየች የአንዱን አፍ ፈትተው አፍንጫቸውን ነከሩት።

"አስፋልት ላይ ነው ያሰጣኸው።"

"ኧረ እትዬ!"

"ጎማ ጎማ ይላል። ናፍጣም አለበት። በሽተኛ እኮ ነው የሚጠጣው!" አንዷን የጦስኝ እግር መዝዘው ወደ ብርሃን አዞሯት። "ይኸው ሥሩ። ነቅለኸዋል! የዘንድሮን ሸጠህልኝ ለከርሞ ምን ልታመጣልኝ ነው?"

ይህችን "ለከርሞ" ሰምቷት ሰምቷት አንገሽግሻዋለች። ማጭድ ይዞ አንድ በአንድ ሲያጭድ፣ ጥላ ስር በየቀኑ ሲያገላብጥ ማን ይከርማል? አስፋልቱ በሁለት ቀን ያደርቅለታል፤ አገሩ ሁሉ እህሉን የሚያሰጣው እዚያው አይደል? "ከዛሬ ወዲያ ደጅዎን ብረግጥ ከሰው አይቁጠሩኝ!" ብሎ ገበያው መሀል ጮኸ። አንዱን ጆንያ ሳያሸት ለሚገዛ መንገደኛ ነጋዴ ሰጠ። ሁለተኛውን፣ የሰውየው መኪና ስለሞላ፣ ይዞት ተመለሰ።

በሳምንቱ ሚስቱን ሥራነሽን ሳል ያዛት። "እስቲ ከዚያ ጦስኝ አፍላልኝ" አለችው። ፈንታ ጆንያውን ፈታ፤ ዘገነ፤ ሳያስበው እንደ እትዬ ታየች አሸተተ። ጎማ! ጆንያውን በእርግጫ ብሎ ወደ አምበር ወረደ። መንገዱን ሙሉ ሲሳደብ ነበር፤ ሴትዮዋን ይሁን ራሱን ግን አልለየም።

እትዬ ታየችን ጥቂት ጦስኝ እንዲሸጡለት ጠየቃቸው። "ለማን ነው?" አሉት።

"ለሥራነሽ። ሳል ይዟታል።"

ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ቋጠሮ አወረዱ። "ፈንታ፤ የአምና፤ በማጭድ የታጨደ" ይላል። "ለእሷስ ከዚህ የተሻለ የለኝም" አሉት።

ፈንታ ተናደደ። የሌላ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት? "የጦስኙን ዳገት... ግማሹን ነቅዬዋለሁ፣ እትዬ" አለ መሬት መሬት እያየ።

"ግማሹስ አለ አይደል? ማክሰኞ መጥቼ አየዋለሁ።"

መምጣታቸው ነው! ዳገቱንም ሊያሸቱት! ቤቱ እስኪደርስ ሲበግን ሄደ። ሰኞ ዕለት ግን ከበሩ እስከ ዳገቱ ያለውን መንገድ ድንጋዩን ሲለቅም ዋለ፤ እትዬ ታየች ጉልበታቸውን ያማቸዋል።