የኦቦ ዩሱፍ ማገጃና የሚኤሶ ሩጫ

ከተማ ሲደክመው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየቀኑ አያለሁ። ሱቄ ከሚኤሶ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ድሮ ባቡር ሲገባ ፍየሉም፣ ሽንኩርት ሻጩም፣ ተሸካሚውም አንድ ላይ ይጮህ ነበር። የጥገና ክፍሉ ብቻውን ግማሹን ሰፈር ያበላ ነበር። አሮጌው ባቡር ቆመ፤ አዲሱ ደግሞ ከተማውን በዳር አድርጎ ያልፋል። እኔም ሳሙናና ካርድ እየሸጥኩ ደከመኝ፣ ምን እዋሻለሁ?

አምና ታዲያ አንድ ኮሚቴ ተቋቋመና ከተማችን ከእንግዲህ በባህልና በስፖርት ነው የምትኖረው ተባልን። አጨበጨብን። ማጨብጨብ መቼም አይከብድም። ለባህሉ ጣቢያውን ቀለም ቀቡት። ሐዲዱ መንገዱን የሚያቋርጥበት ቦታ ያለውን ማገጃ እንጨትም ቀይና ነጭ አደረጉት። ድሮ ማገጃውን ሲያነሱና ሲያወርዱ የኖሩትን ኦቦ ዩሱፍን ከነዩኒፎርማቸው መልሰው አቆሟቸው፤ ለጎብኚ እንዲያሳዩ። ጎብኚው አልመጣም እንጂ እሳቸውስ ዝግጁ ነበሩ።

ለስፖርቱ ደግሞ የሴቶች ሩጫ ተዘጋጀ። ከጭሮም ከሂርናም ሯጮች መጡ። አንደኛ የምትወጣው ስፖርት ማሠልጠኛ ትገባለች ተባለ። ልጄ ሰሚራ ለዚህ ብላ ጠዋት ጠዋት ስትሮጥ ከረመች። እኔ ተስፋ ማድረግ ትቼ ነበር፤ ግን እሷም እንደኔ ባንኮኒ ጀርባ እንዳታረጅ ስል እንደገና ጀመርኩ። ያስፈራል።

የውድድሩ ቀን ሱቄን ዘግቼ ከኮሚቴው ጋር መጨረሻው ላይ ቆምኩ። ሰሚራ እየመራች መጣች። የሂርናዋ ልጅ ከኋላዋ ናት፣ ግን ራቅ ብላ። ሐዲዱን ከተሻገረች አበቃ። በዚህ መሐል ዳር ይዞ የቆመ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሯጮቹን ላበረታታ ብሎ ነው መሰለኝ፣ ጡሩምባውን ለቀቀው። ረጅም፣ ወፍራም፣ ቁርጥ የድሮዋ ባቡር።

ኦቦ ዩሱፍ ምን ያድርጉ? ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉትን አደረጉ። ማገጃውን አወረዱት። ሰሚራም ቀጥ አለች። ሚኤሶ ያደገ ልጅ ማገጃ ወርዶ አያልፍም፤ እናቶች ልጅ ሲያሳድጉ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ሂርና ግን ባቡር መቼ ነበራትና? ልጅቱ ጎንበስ ብላ በሥሩ ሾልካ ሄደች።

ዳኞቹ ተከራክረው ተከራክረው ለሂርና ፈረዱ። ኦቦ ዩሱፍ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ “ወላሂ፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም” አሉኝ። ውሃ ሰጠኋቸው።

እሳቸው ሲሄዱ ልጄን ተቆጣኋት። ባቡር ሲመጣ በዓይንሽ አይተሽ አታውቂ፣ ምን አስቆመሽ? አልኳት። ጫማዋን እየፈታች ቀና ብላ አየችኝ።

“አባዬ፣ ጡሩምባው ሲሰማ ሁላችሁም እኔን ትታችሁ ወደ ሐዲዱ ዞራችሁ ነበር። የምር የሚመጣ መሰለኝ” አለች።

ጡሩምባው ሲነፋ እኔም ሱቄን ልከፍት ቁልፉን ከኪሴ እያወጣሁ ነበር።