በትር ከሌለ መንገድ የለም

በየከተማው ጡረታ የወጣ፣ ሥራው ግን ከእሱ ያልወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ለገሳይ ከተማ የደረሷት ክቡር ጋሽ ጥላዬ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በድሬዳዋ ባቡር አገልግለው ሲያበቁ፣ ሐዲድ በሌለበት አገር የጣቢያ ሹም የሆኑ።

ሚኒባስ ነጂው ሞገስ በእሳቸው ሲስቅ ነው የከረመው። ከገበያ የሚመለሱ አህዮችን በእንጨት ድልድዩ ጫፍና ጫፍ አቁመው በተራ ያሳልፋሉ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ሳይቀር «የገባው ሳይወጣ ሌላ አይግባ!» ይላሉ።

በዚያ ክረምት ግን ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ ናዳ ግማሹን ገደል ከተተው። የቀረው ለአንድ መኪና ብቻ ይበቃል፤ ጫፍና ጫፉ አይተያይም፣ ስልክም አይሠራም። በሦስት ቀን ሁለት ጊዜ መኪኖች መሐል ላይ ተፋጠጡ። ጋሽ ጥላዬ በነጠላ ሐዲድ ላይ ለባቡር እንደሚደረገው አንድ የወይራ በትር ቀይ ቀብተው ብቅ አሉ።

«በትሩ አንድ ነው። የያዘው ይገባል፤ ማዶ ቆማ ለምትጠብቀው ለአበበች ያስረክባል። ከአንድ ወገን ተከታትላችሁ የምትገቡ ከሆነ ሁላችሁም በትሩን በዓይናችሁ አይታችሁ ትገባላችሁ፣ የመጨረሻው ይዞት ይሻገራል። በትር ከሌለ መንገድ የለም!»

«ጋሼ፣ እዚህ ባቡር የለም እኮ!» አለ ሞገስ።

«ሁለት ቸኳይ ካለ ባቡር ምን ያደርጋል?»

አንድ ማለዳ ሞገስ ምጥ የያዛትን ጎረቤቱን ሰላማዊትን ጭኖ ወደ ሆስፒታል ሲከንፍ ደረሰ። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። በትሩ ማዶ ነው።

«ጋሼ፣ ልትወልድ ነው! ድምፅ እንኳ አይሰማም፣ መንገዱ ባዶ ነው!»

«ባዶ መሆኑን በትሩ ይንገረኝ።»

«በእመቤቴ ይዤዎታለሁ!»

ጋሽ ጥላዬ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጎማው ፊት ጭቃው ላይ ተጋደሙ። «እንግዲያው በእኔ ላይ ንዳ።»

ሰላማዊት ከኋላ አቃሰተች። ሞገስ መሪውን በቡጢ መታ። ወዲያው ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ጉሙን ሰንጥቆ፣ ፍሬኑ እየጮኸ ብቅ አለ። ነጂው ቀዩን በትር በመስኮት ዘረጋ።

ሞገስ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የሚገናኙት ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ጋሽ ጥላዬ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ተነሥተው በትሩን ተቀበሉና ለሞገስ አቀበሉት። በሁለት እጁ ተቀብሎ እንደ መስቀል ሳመው።

«አትሳመው፣ ያዘውና ንዳ!»

ነዳ። ሰላማዊት ሆስፒታል በገባች በሩብ ሰዓት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ አብሯት የመጣው ተሳፋሪ ግቢውን በእልልታ አናጋው።

በሳምንቱ አንድ የአውቶብስ ሾፌር በትሩን ሳይጠብቅ ልግባ ብሎ ከጋሽ ጥላዬ ጋር ሲጨቃጨቅ ሞገስ ደረሰ። ሚኒባሱን አውቶብሱ ፊት አግድም ገተረና ቁልፉን ነቅሎ ለሽማግሌው አስረከበ።

ጋሽ ጥላዬ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው መኪናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«አቋቋምህ ጠሟል» አሉት፣ ቁልፉን መልሰው እየዘረጉለት። «ና፣ መንገዱን አስተካክለህ ዝጋ።»