ምንጭን ከሰው ያዳነ አጥር

የተፈጥሮ ጥበቃና የድኅረ ኮሮና ማገገሚያ ጽሕፈት ቤታችን ለወለጋ ምድር የዋለው ውለታ በቃላት አይገለጽም፤ ቢሆንም በየሩብ ዓመቱ በሪፖርት እንገልጸዋለን።

ከሥራዎቻችን ሁሉ የላቀው ዲጋ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ምንጭ ዙሪያ ያቆምነው የሽቦ አጥር ነው። ሰው ምንጭ ዳር ሲሰበሰብ በሽታ ይተላለፋል፤ ሲቀዳ ደግሞ ተፈጥሮ ይጎዳል። ስለዚህ በሩን ቆልፈን ሁለቱንም ዓላማ በአንድ አጥር አሳካን። በሽታው ጋብ ካለ በኋላም አልከፈትነውም፤ ገና እያገገምን ነዋ! ከአጥሩ ውጭ የእጅ መታጠቢያ ሮቶ አስቀምጠን «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ሰሌዳ ሰቅለናል። ውሃ የለውም እንጂ ሰሌዳው በጣም ያምራል።

ይህ ታላቅ ሥራ ያልገባቸው አንዲት ሴት ነበሩ፤ ወይዘሮ ድርቤ ይባላሉ። በኮሮና ጊዜ ምግብ ቤታቸው ቢዘጋባቸው፣ የቀረቻቸውን ጥሪት ሁሉ የቡና ችግኝ ላይ አዋሉ። በጋው ሲከር ችግኞቹ ጠወለጉ። እነሱ ከደረቁ ሴትዮዋ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። አስተባባሪያችን አቶ ሕሩይ አጥሩን ሊጎበኙ ሲመጡ ወይዘሮ ድርቤ መንገድ ላይ ጠበቋቸው።

«ማሎ ኦቦ ሕሩይ፣ እባክዎ በሩን ያስከፍቱልኝ። ችግኞቼ ሞቱ እኮ!»

«አዴ ድርቤ፣ ችግሩ የውሃ አይደለም። የግንዛቤ ነው።»

«ግንዛቤ ያነሳቸው ችግኞቹ ናቸው?»

አቶ ሕሩይ ጥያቄውን በአክብሮት አልፈው፣ አስቸኳይ መፍትሔ ሊፈልጉ ወደ ነቀምቴ ተመለሱ። መፍትሔውም ወዲያው ተገኘ፦ «በውሃ እጥረት ወቅት የችግኝ አያያዝ» የሚል ሥልጠና፣ ለመላው ሠራተኛ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር።

የአጥሩ ዘበኛ ቀጀላ ብቻ ሳይጋበዝ ቀረ፤ በዚህም ክፉኛ ተቀይሟል። ቀጥሎ የሆነውን በኋላ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ወይዘሮ ድርቤ ባልዲያቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«አንተ ቀጀላ፣ አለቆችህ የሉም?»

«የሉም አዴ። ሁሉም ሐዋሳ ናቸው።»

«ታዲያ አሁን ማን ይከለክልሃል?»

ቀጀላ አሰበ፣ አሰበ፤ የሚከለክለው ሰው አጣ። በሩን ከፈተ። የሰፈሩ ሰው ተራ ይዞ ቀዳ፣ ባዶው ሮቶ ሞላ፣ ሕዝቡ በሰሌዳው ትእዛዝ መሠረት ታጠበ። ችግኞቹም ጠጥተው ቀና አሉ። በአጭሩ፣ የፕሮጀክቱ ዓላማ ሁሉ እኛ በሌለንበት ተሳካ። ይህን ሪፖርት ላይ የማሰፍርበት ርእስ ስላጣሁ ትቼዋለሁ።

ስንመለስ ቀጀላ የመኪናችንን ድምፅ ሰምቶ በሩን ቆልፎ ጠበቀን። አቶ ሕሩይ የለመለመውን ችግኝ ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«አያችሁ? ሥልጠና ማለት ይህ ነው!» አሉን። ከዚያም ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ «አዴ ድርቤ፣ ለውጡን እንዴት አገኙት?» ብለው ጠየቁ።

«ገለቶማ ኦቦ! የእናንተ ሥልጠና ነው ያዳነኝ። ማሎ፣ አሁንም ሂዱልን። የሚቀጥለው ብቻ ረዘም ይበል፤ ቡና እስኪያፈራ ጥቂት ዓመት ይፈልጋል።»