የኦቦ ዳባ ሻይ ማጣፈጫ

እኛ ዘንድ አንድ ሰው «ስኳር አለብህ ተባልኩ» ብሎ አፉን ሳይዘጋ ሐኪሙ ይበዛል። የራሱን የጎን ውጋት ምንነት ዓመት ሙሉ ማወቅ ያቃተው ጎረቤት፣ የሰው ስኳር ሲሆን ወንበር ስቦ ይቀመጥና የሚበላውንና የማይበላውን ይደነግጋል። ደግሞ አይፈረድብንም። እንግድነት ሄደን የቀረበልን ሻይ ስኳሩ አነስ ካለ «ምን አስቀይሜያቸው ይሆን?» እያልን የምናድር ሰዎች ነን። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፤ አትካዱ። የኛዋ አምቦማ ብሳለች። ቅንጣት ስኳር የሌለበት ውሃ ከነጋዙ ከምድሯ እየወጣ፣ ሰርግ ላይ ባለቀለሙ ለስላሳ ካልተከፈተልን የተጠራን አይመስለንም።

አማቴ ኦቦ ዳባ እጃጂ አጠገብ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ባለፈው ክረምት ቦት ጫማ የላጠው የእግራቸው አውራ ጣት አልሽር ብሎ ሲሰነብት፣ ባለቤቴ ጫልቱ አባቷን አምቦ እኛ ቤት አምጥታ አስመረመረቻቸው። ስኳር ነው ተባለ። ነርሷ ሲስተር አያንቱ አልሸፋፈነችም።

«አባባ፣ ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም። ቁስሉ ካልዳነ ጣትዎን፣ ከባሰም እግርዎን ልናጣው እንችላለን» አለቻቸው።

ኦቦ ዳባ እግራቸውን አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ሞፈር የተከተሉበት እግር ነው። ጫልቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እኔም እውነት ለመናገር ፈራሁ።

የታዘዘላቸውን ክኒን ለመዋጥ አልተከራከሩም። ጠላውንም ተዉ። ሻይ ላይ ሲደርሱ ግን አሻፈረኝ አሉ። አራት ማንኪያ የለመዱ ሰው ናቸው። ያለ ስኳር ቢቀርብላቸው አንዴ ፉት አሉና ብርጭቆውን መለሱት። «ይሄ የሐዘንተኛ ሻይ ነው» አሉ።

እንግዲህ ስኳርን የሚተካ ነገር ፍለጋ ተጀመረ። የፍለጋው ሊቀመንበር እኔ ነኝ፤ ማንም አልመረጠኝም። ወሬው እንደተሰማ የጫልቱ አጎት ከጭልሞ አንድ ጀሪካን ማር ላከ፤ «የጫካ ማር ነው፣ ስኳር የሚባል አልነካውም» ብሎ። ባለሱቁ ጎረቤታችን ከድር ቴምር በካርቶን አመጣ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደግሞ «መርዙ ያለው ነጩ ላይ ነው» ብሎ ቡናማ ስኳር አሸከመኝ። ሁሉንም ለሲስተር አያንቱ ተራ በተራ ባስረዳት፣ ሳቋን እንደምንም ዋጠችና «ደም ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ያው ስኳር ናቸው» አለችኝ። ከፋርማሲ የምትገዛ፣ ሻይ የምታጣፍጥ ነገር ግን ስኳር ከፍ የማታደርግ ትንሽ ፍሬ እንዳለች የነገረችኝም እሷው ናት። ገዛሁና ረዥም ንግግር አድርጌ ለአማቴ ሰጠኋቸው። የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ናት፤ ጫፏን ሲጫኗት አንዲት ነጭ ፍሬ ጠብ ታደርጋለች።

የተከለከለውስ ምን ይሁን? የሰው ስጦታ መጣል ነውር ነው። ስለዚህ ጤነኛው እኔ ኃላፊነቱን ወሰድኩ። ማሩን ጠዋት በዳቦ፣ ቴምሩን ቢሮ፣ ቡናማውን በሻይ። ለአማት የማይከፈል መስዋዕትነት የለም።

ወር ሞልቶ ኦቦ ዳባ ሲለኩ ስኳራቸው ከበፊቱ ብሶ ቁጭ። ቁስሉም እንዳፈጠጠ ነው። ሲስተር አያንቱ ግራ ገባት፤ ጫልቱ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። በማግሥቱ ጠዋት የቁርስ ሰዓት ላይ ዓይኔን ከአማቴ ብርጭቆ ሳልነቅል ተቀመጥኩ። ለእንግዳ የተቀመጠውን የስኳር ዕቃ ሳብ አደረጉና አራት ማንኪያ ጨመሩ። ከዚያ ዕቃዋን ከኮት ኪሳቸው አውጥተው አንዲት ፍሬ ከላዩ ጠብ አደረጉበትና በእርጋታ ያማስሉ ጀመር።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«መድኃኒቱን ጨመርኩበት፤ ስኳሩን ይግደለው እንጂ! በሬ መዥገር ቢይዘው መድኃኒቱን በሬው ላይ ትረጫለህ እንጂ በሬውን ትጥላለህ?»

«መድኃኒት አይደለም፤ ማጣፈጫ ብቻ ነው፤ ምንም አይገድልም» ብላቸው «ታዲያ ለምን ከፋርማሲ ገዛኸው?» አሉኝ። ለካ ያን ሁሉ ንግግር ሳደርግ አንዲቷን ዋና ነገር፣ «በስኳር ፋንታ» የሚለውን፣ በቅጡ አልነገርኳቸውም።

ጫልቱ የስኳር ዕቃውን አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሌላ ሻይ ቀዳችና ፍሬዋን ብቻ ጨመረችበት። ኦቦ ዳባ እግራቸውን አይተው፣ ልጃቸውን አይተው፣ ፉት አሉ።

«ዱጋ፣ እውነትም ይጣፍጣል» አሉ። «መጨረሻው ላይ ትንሽ መረር ይላል። ይሁን፤ እግር ይሻላል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ ዛሬም ደስ ይለኛል። ስኳሩ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ጣቱም ገጠመ። ለመጨረሻው ምርመራ ሦስታችንም ሄድን። እሳቸው ባዶ ሆዳቸውን ሆነው እኔ ብበላ ነውር ነው ብዬ እኔም ቁርስ አልቀመስኩም። ውጤቱ ሲነገር ኦቦ ዳባ እንደ ሙሽራ ቀና ብለው፣ በእጃቸው ወደኔ አመለከቱ።

«ለሶዳ ኮም እዪለት» አሉ። ለአማቼም ማለታቸው ነው።

እየሳቅሁ ጣቴን ሰጠሁ። ሲስተር አያንቱ ቁጥሩን አየችና አልሳቀችም። ሌላ ጣት ወግታ ደገመችው። ያው ነው። የኦቦ ዳባ የመጀመሪያ ቀን ቁጥር ላይ ሊደርስ ጥቂት የቀረው!

«ምን ምን ትበላለህ?» አለችኝ።

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ጫልቱ መለሰችልኝ። «ማር፣ ቴምር፣ ቡናማ ስኳር። መጣል ነውር ነው ብሎ ነው።» ከበሩ ስንወጣ ደግሞ ለራሷ እንደምትናገር ሆና «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ቤት ገብተን ሻይ ቀረበ። ኦቦ ዳባ በዳነው እግራቸው ተነስተው አጠገቤ መጡ፤ ዕቃዋን ከኮት ኪሳቸው አወጡና አንዲት ፍሬ ብርጭቆዬ ውስጥ ጠብ አደረጉልኝ።

«ስኳር እንዳትጨምርበት» አሉኝ ትከሻዬን እየመቱ። «አይገድለውም።»