ሊቀ ዝገት ዘሩ

ወንዝ የሌለው ከተማ ይኖራል፤ ሳይጠይቁት የሚያስረዳ ሰው የሌለው ከተማ ግን እግዜር አልፈጠረም። ፍኖተ ሰላም ስለ ሕግ የሚያስረዳ አላት፤ ፈረስ ቤት ስለ ከብት በሽታ። ለእኛ ለቡሬዎች የደረሰን የዝገት ሊቅ ነው፤ ሊቀ ዝገት አቶ ዘሩ። ማዕረጉን ለማሾፍ የሰጠናቸው እኛው ነን፤ እሳቸው ግን ከልባቸው ተቀብለውታል።

አቶ ዘሩ ድግስ ቤት ገብተው እንደ ሰው አይጠጡም። የቀረበላቸውን የቆርቆሮ ኩባያ ገልብጠው ቂጡን ያያሉ፣ በጥፍራቸው ይፍቁታል። ነጩ ቅብ ተልጦ ካገኙ ጠላ አያስቀዱም።

«አንች እናኑ፣ ይኸ ኩባያ ቆስሏል። ዝገት በዚች ገብቶ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ብረት ራቁቱን አያድርም!»

ወይዘሮ እናኑ እንግዳ ስላለ ጥርሳቸውን ነክሰው ሌላ ኩባያ ይፈልጋሉ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አቶ ዘሩ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሰንሰለት በሞራ ቀብተውት፣ ዲያቆኑን እያዳለጠው ቅዳሴ ዘገየ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከደብረ ዘይት ነው። በወጣትነታቸው እዚያ አየር ኃይል ግቢ የአውሮፕላን ጎማ ያጥቡ ነበር። ከተጣለ የጎማ ማቀፊያ ላይ መዳፍ የምታህል ስባሪ ይዘው መጥተዋል። «ማግኒዚየም» ይሏታል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከብረት ወገን ናት፤ ስትያዝ ግን ከቅለቷ የተነሣ የለችም ማለት ይቻላል። አንደኛው ፊቷ እንደ ገል ቡናማ ነው፤ ፈረንጆች ከዝገት እንዲጠብቃት ያለበሷት ሸክላ መሆኑ ነው። ነጋዴው ኑርሁሴን አንድ ቀን በሚዛኑ መዘናትና «አያ ዘሩ፣ ይቺማ የቅል ስባሪ ናት» ብሎ ገበያውን በሳቅ ገደለው። አቶ ዘሩ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ደረት ኪሳቸው መለሷት።

ባለፈው፣ በሃምሳ ሰባት ክረምት፣ ተራው የእኔ ሆነ። የፈንጣጣ ከታቢ ነኝ። ፍኖተ ሰላም የሚኖሩት አማቴ የአገሩ ጨው አልጫ ነው ስለሚሉ በየቅዳሜው ከቡሬ በሞተር ሳይክሌ እወስድላቸዋለሁ። ዝናቡ ጨዉን እያሟሟ የሞተሩ የጎን ክዳን ላይ ሲያንጠባጥብ ከረመና ክዳኑ ነጭ ዱቄት አወጣ። አቶ ዘሩ ፈተው በእጃቸው መዘኑት።

«ማግኒዚየም ነው! ጨው ደግሞ ባላንጣው ነው። ቅቡ አልቋል። መስከረም ሳይጠባ ይበሳል።»

ሌላ ክዳን ከአስመራ እስኪመጣ ስድስት ወር ነው፤ ሞተር የሌለው ከታቢ ደግሞ ይሰናበታል።

«አይዞህ፣ ሸክላ እናለብሰዋለን» አሉኝ። ክዳኑን ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ሸክላ ሠሪዋ ማሚቱ እንስራ ስትተኩስ ደረስን። አቶ ዘሩ በጭቃ የተመረገ ነገር ከእሳቱ መሃል ከተቱ።

«አያ ዘሩ፣ እኔ ብረት ተኩሼ አላውቅም» አለች ማሚቱ።

«ፈረንጅ ያወቀውን አንች አታጭውም።»

ጥቂት ቆይቶ እሳቱ ነጭ ሆነ። መብረቅ መሬት ወርዶ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ማሚቱ «በስመ አብ!» ብላ አንድ እንስራ ውሃ ስትደፋበት ጭራሽ ባሰበት።

«ውሃ አይሆንም! አፈር! አፈር መልሽበት!» ጮኹ አቶ ዘሩ።

ሲበርድ የቀረው ነጭ አመድ ነው። እኔ እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኛለሁ። «ክዳኔን! እንጀራዬን አቃጠሉት! እርስዎ ሽማግሌ፣ የሚያውቁት ነገር ቢኖር መለፍለፍ ብቻ!» አልኳቸው። ከዚህም የባሰ ብያለሁ፤ አልጽፈውም።

አቶ ዘሩ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ክዳኔን አወጡና ሰጡኝ። እንዳለ ነው።

«በሰው እንጀራ አይሞከርም። የነደደችው የእኔዋ ናት።»

የደረት ኪሳቸውን አየሁት፤ ባዶ ነው። ተንበርክከው አመዱን በእንጨት ነካ ነካ አደረጉት።

«እንግዲህ ማን ያምነኛል?» አሉ።

አፈርኩ። ሰውየውን እንደምወዳቸው ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው። ክዳኑን ወፍራም ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባነው፣ የአማቴን ጨው ወደ በቅሎ አዛወርኩት፣ እንጀራዬም አልተቋረጠም። ኑርሁሴን ዛሬም «የቅል ስባሪዋስ የት ደረሰች?» እያለ ገበያ መሃል ይጠይቃቸዋል። አቶ ዘሩ ባዶ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። እኔ ነኝ ሚዛኑን ገፍቼ «ብረት ናት! በእጄ ይዤ አውቃታለሁ!» እያልኩ የምጮኸው።