ሳይነኩ የሚያሸክሙት ሰውዬ

ዕቃ በሚነሳበት ቦታ ሁሉ፣ ዕቃውን የማይነካ አንድ አዛዥ አይጠፋም። ሶፋ ከበር ሲወጣ፣ አልጋ ደረጃ ሲወርድ፣ ማንም ሳይጠራው ከተፍ ይላል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ "ቀኝ! ቀኝ አልኩህ እኮ! ያንተን ሳይሆን የኔን ቀኝ!" እያለ ሰው ያደናብራል።

የእኛ ሕንፃ አዛዥ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ክቡርነታቸው ሁልጊዜ የሚሉት "መሄዱስ ይሄዳል፤ ማን ያቆመዋል?" ነው።

አንድ ቀን የገበያ ጋሪዬን ስገፋ አስቆሙኝ።

"እማማ፣ ባዶውን ሲገፉት ይፈተለካል። ሲሞላ በዚያው ኃይል ቢገፉት ይንፏቀቃል። ለምን?"

"ደክሞኝ ነዋ!"

"አልደከሙም! ኃይልዎ ያው ነው፤ የጨመረው የጋሪው ግዝፈት፣ የጫነው ነገር ብዛት ነው።"

"ኃይሌ ያው ከሆነ ወገቤን ለምን አመመኝ?"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው የሞላው አውቶቡስና ባዶው፣ ፍሬኑ እኩል ቢረገጥ እንኳ እኩል ቦታ አይቆሙም አሉኝ። ፍሬኑ ያው፣ እግሩ ያው፤ ታዲያ ምን ሆኖ? ግራ ቢገባኝም "እሺ" አልኩ። እሺ ካላልኩ ምሳዬ ያርራል።

ደረጃው ሲያቅተኝ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ልወርድ ሆነ። ሌላው ዕቃ ቢሰበር ይሰበር፤ ቁምሳጥኑ ግን ሟቹ ባለቤቴ በገዛ እጁ የሠራልኝ ነው። እሱ ከተሰበረ ከዚያ ቤት ምን ይዤ እወርዳለሁ?

ሁለት ተሸካሚዎች መጡ። አዛዡም ከተፍ።

"ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው" አልኩ። የስፌት ማሽኔና ካውያዬ ውስጡ ነበሩ። ቁምሳጥኑ መውረዱ ካልቀረ፣ እነሱ አብረውት ቢወርዱ ምን ይጨምራሉ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ንቅንቅ አልል አለ። ተሸካሚዎቹ ባለ በሌለ ኃይላቸው ሲገፉት ግን የደረጃውን ጫፍ አልፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

"ጋሼ፣ አመለጠን!"

ዕቃ ነክተው የማያውቁት አዛዥ ከታችኛው መዞሪያ ሮጠው መጡ፤ ጀርባቸውን ከግድግዳው አጣብቀው በትከሻቸው ተቀበሉት። ቆመ። በሩ ተበርግዶ ካውያዬ ወደቀ።

"እማማ" አሉ እያቃሰቱ፣ "ባዶው ይሄ ነው?"

"ካውያ ብቻ እኮ ነው" አልኩ። የስፌት ማሽኑ ከቁምሳጥኑ ውስጥ ሲንኳኳ ሁላችንም ሰማን።

ትከሻቸው ታስሮ ሰነበተ። ልጠይቃቸው ስሄድ የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ገና ከበር እንደገባሁ "ተጫረ እንዴ ቁምሳጥኑ?" አሉኝ።

"ምንም አልሆነ" ስላቸው ፊታቸው ፈካ።

የግዝፈቱ ነገር እስካሁን አልገባኝም። ብቻ ቤታቸው ጸጥ ያለ ሲመስለኝ በራቸውን አንኳኩቼ "ቁምሳጥኑ ወደ መስኮቱ ጠጋ ቢል ምን ይመስልዎታል?" እላለሁ። ሊጠይቀኝ የሚመጣው ልጄ "እማዬ፣ ባለፈው እኮ ከዚያ ነው ያነሳነው!" እያለ ይገፋል። እኔ ለአዛዡ ወንበር አወጣለሁ።

ወንበሩንም የት ማስቀመጥ እንዳለብኝ ይነግሩኛል።