የክቡር አፍንጫ ሰልፍ

አውቶቡስ በሚያድርበት ግቢ ሁሉ አንድ የማይቀር ሰው አለ። ሾፌር ይቀየራል፣ ጎማ ይቀየራል፣ ሥራ አስኪያጅማ እንደ ሞተር ዘይት በየጊዜው ይቀየራል፤ ጠዋት ጠዋት ስምሪት መስኮት ላይ ቆሞ የሰው ትንፋሽ የሚያሸተው ሰው ግን ንቅንቅ አይልም። የዚህኛው ግቢ ሾፌሮች የእነሱን ሰው በሌሉበት "ክቡር አፍንጫ" ይሏቸው ነበር፤ ፊት ለፊት "ጋሼ" ናቸው።

ክቡርነታቸው መጠጥ የቀመሰን የምታጋልጠውን የትንፋሽ መለኪያ እንደ ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። "ንፋ ልጄ፣ ትንፋሽ አይከፈልበትም!" የዘወትር ቃላቸው ነው። መካኒኩን የበሰለ ሙዝ በልቶ በመምጣቱ ጠርጥረው አስነፍተውታል። ሽቶ ያበዛውን ሥራ አስኪያጅ ከነከረባቱ አስነፍተዋል። በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ እንኳ "ለመሆኑ መኪናውን የሚነዳው ማነው?" ብለው ሚዜውን ሙሽሮቹ መሐል አቁመው ሲያስነፉ የተነሣው ፎቶ እስከ ዛሬ አልበሙ ውስጥ አለ ይባላል።

እንግዲህ "ማርሽ" የሚሉት ሾፌር የተመለሰው ወደ እኚህ ሰው መስኮት ነበር። ማርሽ እጁ የረጋ ሾፌር ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘውም ማርሽ ሲቀይር ተሳፋሪ ስለማይሰማው ነው። አንድ ጠዋት ግን የማታው መጠጥ ሳይለቀው መጣና ቁልፉን ተነጠቀ። ወራት ቤት ዋለ። የሱስ ባለሙያ ዘንድ ተመላለሰ፣ ታከመ፣ ተመረመረ፤ በመጨረሻ "ይመለስ" ተባለ። ሁለተኛ መጠጥ ከተገኘበት ግን መሪ መጨበጥ እስከ ወዲያኛው አበቃ።

በተመለሰበት ጠዋት ያስፈራው መለኪያዋ አልነበረችም። ባልደረቦቹ እያዩት ለብቻው ተጠርቶ መንፋቱ ነበር። ክቡር አፍንጫ ግን ከመስኮታቸው ወጥተው ግቢውን በሙሉ አሰለፉ። ቀድመው ራሳቸው ጉንጫቸውን ወጥረው ነፉና "ዜሮ! ጎበዝ!" ብለው ራሳቸውን አመሰገኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰልፉ ልማድ ሆነ፤ ማጉረምረሙም እንዲሁ።

አንድ ጠዋት ጉንፋን የያዘው ማርሽ ሲነፋ መለኪያዋ ቀይ በራች።

"ሽሮፕ ነው ጋሼ! የሳል ሽሮፕ! አሁን በር ላይ ነው የተጎነጨሁት። ባለቤቴን ይጠይቋት!"

"ባለቤትህ አትነዳም። ቁልፉ እኔ ጋ ይቆይ። ተጉመጥመጥና ትንሽ እንቆይ፤ አፍህ ላይ የቀረ ነገር ከሆነ ይጠፋል፣ ጠጥተህ ከሆነ ይጠብቀናል።"

ማርሽ ተጉመጥምጦ ሲመለስ አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"መለኪያዋ አሁንም ቀይ ብትበራስ ጋሼ?"

"ቁልፉን እይዛለሁ።"

"እኔስ?"

"አንተንም እይዝሃለሁ። እዚያው ባለሙያ ዘንድ እጅህን ይዤ እመልስሃለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ አውቶቡሱ ብቻ መሰለህ እንዴ?"

ይሄኔ ከሰልፉ መሐል፣ ክላክስ የማይጠግበው ጥሩምባ የሚባለው ሾፌር ድምፁን ከፍ አደረገ። "ኧረ ረፈደብን! ደንቡ የሚለው የተመለሰው ሰው ብቻ ይንፋ ነው። እኛን ምን አድርጉ ብለው ነው የሚያሰልፉን?"

ማርሽ ቀና አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰልፉን የደንብ ሰልፍ አድርጎ ነበር የሚያስበው። ወደ ክቡር አፍንጫ ዞሮ አያቸው። እሳቸው ንጹሕ የሆነችውን መለኪያ በሸሚዛቸው ጫፍ አጥብቀው ይወለውላሉ።

"አንተ ጥሩምባ፣ ተራህን ጠብቅ!" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

ማርሽ ተነሥቶ ነፋ። አረንጓዴ፤ ዜሮ። ክቡር አፍንጫ ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖሩና ጣቶቹን አጥፈው አስጨበጡት። "ሐኪምህን ሌላ ሽሮፕ ለምነው። አሁን ሂድ፣ ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል።"

በማግሥቱ ማርሽ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ከክቡር አፍንጫ ቀጥሎ ተሰለፈ። ጥሩምባ እንደ ልማዱ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ክቡርነታቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ማርሽ ቀደማቸው።

"ንፋ ወንድሜ" አለ፣ "ትንፋሽ አይከፈልበትም።"